ያነበበ ሁሉ ባለ ዕዳ ነው፤ ስለ ንባብ፣ ስለ ምስጋናና ስለ እምነት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ብርድ ትቶ ወደ ቆላው ከወረደ በኋላ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣየንና ካራ ቆሬን አልፎ ከሚሴ ይደርሳል። ከሚሴ በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ የቦርከና ወንዝ ከሚያጠጣው ከጨፋ ሜዳ አጠገብ የተቀመጠች ናት። ባቲ፣ ደዌ ሐረዋ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲና ጅሌ ጥሙጋ የሚባሉት ወረዳዎች በዚሁ ዞን ውስጥ ይገኛሉ። በባቲ የሰኞ ገበያና በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ከየአቅጣጫው መጥቶ ይገናኛል፤ ከብቱና ግመሉ፣ እህሉና ጨው ይሸጣል፣ ይለወጣል።

የዚህ አገር ሕዝብ አብዛኛው የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። የተዋሕዶ ልጆች የሆኑት ቤተ ሰቦች በቍጥር ጥቂቶች ሆነው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ሠፈር፣ በአንድ ገበያና በአንድ ትምህርት ቤት ይኖራሉ። ስለዚህ አንድ የከሚሴ ክርስቲያን ልጅ በሳምንት ውስጥ በዐይኑ የሚያያቸውን ፊደላት የቈጠረ ሰው ሳይደነቅ አይቀርም። ኦሮምኛው በቁቤ ይጻፋል፤ እንግሊዝኛውም በዚያው በላቲን ፊደል ነው። አማርኛው በአባቶቻችን ፊደል ይጻፋል። በሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚሰማው ንባብ ግእዝ ነው። አብሮት ኳስ የሚጫወተው የጎረቤት ልጅ ደግሞ ቁርአን ቤት ገብቶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የዓረብን ፊደል ያጠናል።

ይህን ያህል ፊደል የከበበው ልጅ አንባቢ ሆኖ ማደግ የሚገባው ነበር። ነገር ግን ፊደልን ማየት ሌላ፣ ማንበብ ሌላ፣ ያነበቡትን አውቆ ማመስገን ደግሞ ከሁለቱ የተለየ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች ልናቀርበው ያሰብነው ሐሳብ ይህ ነው። ዲቁናን ተቀብለን ከቅኔ ማሕሌቱ አጠገብ ያደግን፣ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዘን በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምን ስለ ሆንን፣ የሁለቱን ቤት ችግርና በረከት በመጠኑ እናውቃለን።

ችግሩ ምንድር ነው?

ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተው፣ ልብሱን አጥበው ወደ ትምህርት ቤት ከሰደዱ በኋላ የንባብ ነገር ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በአገራችን በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች መካከል ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ አስተካክለው ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከተቀመጡት ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም ከታች ያልጸና ንባብ ከላይ የሚጫነውን ትምህርት ሊሸከም እንደማይችል የታወቀ ነው። መሠረቱ ሳይረግጥ ግድግዳ የሚያቆም ግንበኛ የለምና።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የተሰወረ ነው። ማንበብ የቻለው ልጅ ራሱ ብዙ ጊዜ ንባብን የራሱ ጉብዝና ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሰርተፊኬቱን ባገኘ ማግስት ያስተማረውን መምህር በመንገድ ሲያገኘው ሰላም ሳይል ያልፋል፤ ፊደል ያልቈጠረች እናቱን በቃሏ ያርማታል፤ የማያውቀውን ቋንቋ የሚናገር ጎረቤቱን ይንቃል። እንዲህ ያለው ልጅ ተምሯል ለማለት ያስቸግራል። አባቶቻችን ውለታ ቢስ የሚለውን ቃል ከባድ ስድብ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ያነበበ ሁሉ ባለ ዕዳ ነው። አንዲት መጽሐፍ ወደ ልጁ እጅ ከመድረስዋ በፊት ስሙን በማያውቀው በብዙ ሰው እጅ አልፋለች። ይህን ያወቀ ልጅ ያመሰግናል፤ ሰውን ማመስገን የለመደም ሰውን ሁሉ የፈጠረውን እግዚአብሔርን ማመስገን አይከብደውም። ንባብ፣ ምስጋናና እምነት በአንድ ገመድ የተገመዱ ሦስት ክሮች ናቸው። ይህንንም ከከሚሴ ብዙ ሳንርቅ፣ በወሎ ምድር ካለ ታላቅ ምስክር እንጀምራለን።

የሐይቅ እስጢፋኖስ መዝገብ

ከከሚሴ ወደ ሰሜን ኮምቦልቻንና ደሴን አልፈን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብንጨምር ሐይቅ እስጢፋኖስን እናገኛለን። በዚያ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን አጽንተው ደቀ መዛሙርትን ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ እንደ ተማሩ ይነገራል። ለገዳሙ የሰጡት የወንጌል መጽሐፍ በዚያው ተጠብቆ ወደ እኛ ዘመን ደርሷል። የተጻፈበት ጊዜ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1280 ወይም 1281 ነው። በውስጡም አባታችን ለገዳሙ የሰጧቸው ሌሎች መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል።

ይህ ዝርዝር ደረቅ የንብረት መዝገብ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ጥቂት ቆም ብሎ ያስብ። የብራና መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ ፍየል ወይም የብዙ በግ ቆዳ ይታረድለታል፤ ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደመደማል። ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ብርዑ ይቀረጻል። ጸሐፊው ወገቡን አጕብጦ ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ በጥንቱ መጻሕፍታችን መጨረሻ ላይ ለጸሐፊው፣ ገንዘቡን አውጥቶ ላጻፈው፣ ለሚያነበውና ለሚሰማው በአንድነት ጸሎት ተጽፎ እናገኛለን። የሚያነበው ሰው የጻፈለትንና ያጻፈለትን ሳያስብ መጽሐፉን እንዳይዘጋ አባቶቻችን በዚህ መንገድ ጠብቀውታል። ምስጋናን በገጹ ላይ ጻፉት፤ ያነበበ ሁሉ ሳይወድ በግድ ያልፍበታልና።

በዚሁ በሐይቅ የተማሩ ሌላ አባት አሉ፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ። ገድላቸው እንደሚተርከው አባታቸው በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ሐይቅ ሰደዷቸው፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባ አላቸው። መምህራኑ ተስፋ ቈርጠው ወደ አባታቸው መለሷቸው። አባትየውም ልጄን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁና መልሼ አልወስደውም፤ ባይማር እንኳ ገዳሙን ያገልግል በማለት መልሰው ላኳቸው። ልጁ ጊዮርጊስ እህል እየፈጩ ገዳሙን ማገልገል ጀመሩ፤ ወደ እመቤታችንም ሥዕል ቀርበው በዕንባ ይለምኑ ነበር። ኋላም ልቡናቸው በጸጋ ተከፈተ። በ14ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜና በ15ኛው መጀመሪያ አርጋኖንን፣ መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታትን የደረሱ ሊቅ ሆኑ።

ይህን ታሪክ የከሚሴ ወላጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው እንላለን። በክፍላችን ውስጥ ፊደል የማይጨበጥላቸው፣ መስመሩን ሲከተሉ የሚጠፋባቸው ልጆች አሉ። ቤታቸው ሲገቡ ደንቆሮ የሚል ስድብና ኵርኵም ይቀበላቸዋል። አባ ጊዮርጊስን በሰባተኛው ዓመት ደንቆሮ ብለን ብንሸኛቸው ኖሮ ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬ በምን ታመሰግን ነበር? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት በልጆች ንባብ ላይ እንጂ በእንቁላል ላይ ብቻ የተነገረ አይደለም። ደግሞም ልብ በሉ፤ ያ ዘገምተኛ ልጅ መጽሐፍ ሲጽፍ ከሁሉ ይልቅ የበዛው ውዳሴና ምስጋና ነው። በብዙ ድካም የተቀበሉትን ነገር ማን እንደ ሰጠ መርሳት አይቻልም።

የአቁፋዳው ዕዳ

በቤተ ክርስቲያናችን የንባብ ትምህርት እንዴት ይሰጥ እንደ ነበር ወጣቶች ወላጆች ምናልባት አያውቁትም። ልጁ በመጀመሪያ ስንደዶ ይዞ በፊደል ገበታው ላይ ሀ ሁን ይቈጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳን ያጠናል። ቀጥሎም የዮሐንስን መልእክትና ወንጌሉን እያለ በንባብ ይገፋል። ድምፁ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ለይቶ ማንበብ ይማራል፤ በመጨረሻም ዳዊትን ይደግማል። ዳዊት የደገመ ዕለት ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ድግስ ይደግሳሉ፤ ለየኔታም ስጦታ ይሰጣሉ። ድግሱ ልጁን ከማክበሩ በፊት የኔታን ያከብራል። ዛሬ ልጅ ሲመረቅ ፎቶግራፍ የሚነሣው ማን እንደ ሆነ፣ መምህሩስ በዚያ ቀን የት እንደሚገኝ አንባቢ ራሱ ይመልከት።

ከቤቱ ርቆ የሄደው ቆሎ ተማሪ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። አቁፋዳውን አንግቶ፣ በውሻ እየተባረረ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል። ቁራሽ የምትሰጠው እመቤት ብዙ ጊዜ ፊደል ያልቈጠረች ናት። እርስዋ የማታነበውን እርሱ እንዲያነብ ከሌማትዋ ቈርሳ ትሰጠዋለች። በኢትዮጵያ ውስጥ ከተነበበው መጽሐፍ እጅግ ብዙው የተነበበው ማንበብ በማይችሉ እናቶች እንጀራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። እንግዲህ ሊቅ የሆነ ሰው ፊደል የማታውቀውን ሴት ለመናቅ ምን መብት አለው? የቀለም ቀንድ የተባለውም ቢሆን ሥጋው የተሠራው በእርስዋ ቁራሽ ነው።

በሩቅ አገር የታተመ ዳዊት

የዕዳችን መዝገብ ግን በአገራችን ዳርቻ አይቆምም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥርም ብቻ አይወሰንም። ይህን ስንናገር ቅር የሚላቸው አንዳንድ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን፤ ነገር ግን እውነቱ መነገር አለበት።

በፊደላችን በማተሚያ መኪና የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ የታተመውም በሮም ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1513 ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው ሲሆን፣ ግእዝን ያስተማሩት በሮም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አንዱ አባ ቶማስ ናቸው። ቀጥሎም በ1548ና በ1549 በዚያው በሮም አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። አባ ተስፋ ጽዮን ስለ ስሕተቱ አንባቢዎችን ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ያተሙት ሰዎች ግእዝ ማንበብ የማያውቁ፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ደግሞ የማተምን ሥራ የማያውቁ ነበሩና። አንዱ የጐደለውን ሌላው እየሞላ፣ የካቶሊክ አገር አታሚዎችና የኢትዮጵያ መነኮሳት አንድ መጽሐፍ አወጡ።

ከመቶ ዓመት በኋላም በዛሬው ደቡብ ወሎ ከምትገኘው ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም ወደ ጀርመን ተጉዘው ቋንቋችንንና ታሪካችንን አስተማሩት። የሉዶልፍ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ከዚህ ትምህርት የተገኙ ናቸው። እንግዲህ የወሎ ልጅ ከሰው የሚቀበል ብቻ ሳይሆን ለሰውም የሚሰጥ ነበር። ዕዳ ሲባል ውርደት የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ፤ በንባብ ቤት ውስጥ ያልተበደረም ያላበደረም ሕዝብ የለም።

ለከሚሴ ኦሮምኛ ተናጋሪዎችም የራሳቸው የምስጋና መዝገብ አላቸው። በልጅነቱ በባርነት የተሸጠውና በምጽዋ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጀ፤ መጽሐፉም በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በስዊስ አገር በግእዝ ፊደል ታተመ። ሁለቱም ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ በሆነ ሚሲዮን ውስጥ የሠሩ ናቸው። ነገር ግን ተሽጠው በሰው እጅ የወደቁ ሁለት ልጆች ለወገናቸው የሚነበብ መጽሐፍ ትተው ማለፋቸውን ሰምቶ የማያመሰግን ማን ነው?

ከሌላ ቤት የመጣ መምህር

ከዚህ ቀጥሎ ወላጆችን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀውን ነገር እንነካለን። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድራቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የተዋሕዶ ልጆች ብዙዎች ናቸው። በከሚሴ ደግሞ የእኛ ልጆች መምህር ሙስሊም ሊሆን ይችላል፤ የጓደኞቻቸውም አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ልጃችን ከሌላ ሃይማኖት ሰው ዕውቀት ሲቀበል እምነቱ አይላላም ወይ? ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

መልሱን ከሐረር ታሪክ እናገኛለን። ልዑል ራስ መኰንን የተዋሕዶ ልጅ ሲሆኑ፣ ልጃቸውን ተፈሪን ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሩላቸው ከመረጧቸው መምህራን አንዱ በሐረር የካቶሊክ ሚሲዮን ያደጉት ኢትዮጵያዊው ካህን አባ ሳሙኤል ነበሩ። ከዚህ ትምህርት ጋር የግእዙና የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት አልተቋረጠም። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ በሰጠመች ጊዜ ሞቱ፤ ደቀ መዝሙራቸው ተፈሪ ከዚያው አደጋ ተረፉ። ኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉትና የመጀመሪያው ክፍል በ1965 ዓ.ም. በአማርኛ በታተመው መጽሐፋቸው ውስጥ መምህራቸውን በምስጋና አንሥተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው የተዋሕዶ ልጅ ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አባትየው ልጃቸውን ለሌላ መምህር ሲሰጡ የራሳቸውን ቤት ትምህርት አላጓደሉም። ሥሩ በቤት የጸና ተክል በጎረቤት ነፋስ አይነቀልም፤ የሚነቀለው ቀድሞም ሥር ያልነበረው ነው። ሁለተኛው፣ መምህርን ማመስገን የመምህሩን ሃይማኖት መቀበል አይደለም። ውለታን ማወቅ የሰው ሁሉ ሕግ ነው።

ጌታችን ራሱ ይህን በወንጌል አሳይቶናል። በሉቃስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ ዐሥር ለምጻሞች እንደ ነጹ ተጽፏል፤ ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንድ ብቻ ነበር። ያም አንዱ ሳምራዊ፣ ማለት አይሁድ እንደ ባዕድ የሚቈጥሩት ሰው ነበር። ጌታም የቀሩት ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ዛሬ በቤታችን ቢጠየቅ መልሳችን ምን ይሆናል? ጎረቤታችን ሙስሊሙ ልጅ የቁርአን መምህሩን እጅ ስሞ ሲያከብር፣ የእኛ ልጅ የኔታን ሲያይ መንገድ የሚለውጥ ከሆነ፣ ከዘጠኙ ጋር መቈጠራችን አይቀርም።

በተለይ በዚህ በእኛ ዘመን ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም እስከ ከሚሴ በደረሰው ጦርነት የሰው ሕይወት አልፏል፤ ቤት ንብረት ጠፍቷል፤ ተማሪዎችም ከትምህርታቸው ተለያይተው ቆይተዋል። ልጆቻችን በዚያን ጊዜ ያዩትንና የሰሙትን ነገር በልባቸው ይዘዋል። ቂም ሳይማሩት የሚታወቅ ነገር ነው፤ ምስጋና ግን ካላስተማሩት አይታወቅም። በዚያ ክፉ ቀን ጎረቤቱን የሸሸገ፣ ካለው እንጀራ ያካፈለ፣ የሌላውን በር የጠበቀ ሰው ከሁሉም ወገን ነበረ። ልጅ የበደሉትን ብቻ ስም እየጠሩ ሲያወሩለት አድጎ፣ የረዱትን ስም ሳይሰማ ቢቀር፣ ፊደል ቢያውቅ እንኳ የገዛ ታሪኩን ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

ምክር ያለ ሥራ ከንቱ ነውና፣ ለማንኛውም ቤት የሚቻሉ ጥቂት ነገሮችን እናቀርባለን።

መጀመሪያ፣ ከራት በኋላ ሩብ ሰዓት ለንባብ ይለይ። በዚያ ጊዜ የእጅ ስልክ ሁሉ ይቀመጥ፤ የአባትም ጭምር። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በአማርኛው፣ ወይም ከስንክሳር የዕለቱን ታሪክ፣ ወይም ከትምህርት ቤት መጽሐፉ አንድ ገጽ ቢሆን መልካም ነው። ንባቡ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ አይከልከል፤ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ያነበበው ነው በልቡ የሚቀረው።

ሁለተኛ፣ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አይፈሩ። የእርስዎ ሥራ መስማትና መጠየቅ ነው። አንብቦ ሲጨርስ «እስኪ ያነበብከውን በራስህ ቃል ንገረኝ» ይበሉት። ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ቍጣ ትበልጣለች። የሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የሚነግረንን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናስብ። የንግሥቲቱ ባለ ሥልጣን ሲሆን በሠረገላው ላይ በመንገድ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ያነበበው ይገባው እንደ ሆነ ፊልጶስ በጠየቀው ጊዜ ሳያፍር የሚመራው ሰው እንደሚያሻው ነገረው፤ አብሮት እንዲቀመጥም ለመነው። ፍጻሜውም ደስታ ሆነ። ከሚሴም የመንገድ ከተማ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መኪናው ያልፍባታል። በመንገድ ዳር ያደገ ልጅ መንገድ ላይ ያነበበውን የቀድሞ ዘመድ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ንባቡ ሲያልቅ ልጁ በዚያ ቀን የረዱትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ስም ጠርቶ ያመስግን፤ ቀጥሎም አባታችን ሆይ ይድገም። አንዱ ስም ከቤት፣ አንዱ ከትምህርት ቤት፣ አንዱ ደግሞ ከጎረቤት ቢሆን ይመረጣል። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴዋን ያለ ጸሎተ አኮቴት አትቀድስም፤ አኮቴትም ምስጋና ማለት ነው። በመሠዊያው ፊት የሚደረገው በገበታችንም ሊደረግ ይገባል።

አራተኛ፣ ልጁ በወር አንድ ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍ። ለመምህሩ፣ ለየኔታ፣ ለአያቱ ወይም ለጎረቤት ሼኽ ቢሆን ግድ የለም። አምስት መስመር ይበቃል። ጽሕፈትንም ንባብንም ትሕትናንም በአንድ ጊዜ ይማርበታል።

አምስተኛ፣ በየአጥቢያው ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች አንዲት የመጻሕፍት ሣጥን ያኑሩ። ብዙ ብር አያስፈልግም፤ ከየቤቱ አንድ አንድ መጽሐፍ ቢሰበሰብ ይሞላል። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ የሰጠው ቤተ ሰብ የክርስትና ስም ይጻፍ፤ የሚያነበው ልጅ ያስታውሰው ዘንድ። የሐይቁ አባታችን ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ንባብ ስሕተት ልጅ አይመታ። በትር ድምፅን ይዘጋል እንጂ ዐይንን አይከፍትም። የሳተውን ቃል በርጋታ ይድገምለት፤ ያስተካከለ ጊዜ ደግሞ ጎበዝ ይባል። ወላጅ ልጁን ማመስገን ካላወቀ ልጅ ምስጋናን ከየት ይማራል?

የተወደዳችሁ ክርስቲያን ወገኖቻችን፤ የንባብ ነገር የመንግሥትና የመምህራን ሥራ ብቻ አይደለም፤ የምስጋናም ነገር የካህናት ስብከት ብቻ አይደለም። ሁለቱም የሚጀመሩት ከእናትና ከአባት ምድጃ አጠገብ ነው። በፊታችን የሚያድጉት የከሚሴ፣ የባቲና የሰንበቴ ልጆች የብዙ ቋንቋና የብዙ ፊደል ወራሾች ናቸው። ይህን ርስት ለትዕቢት ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ለፍቅርም ሊያደርጉት ይችላሉ። የሚለየው ስለ ንባባቸው ማንን ማመስገን እንዳለባቸው በጊዜው የነገራቸው ሰው መኖሩ ነው። ይህንንም የሚነግር ከእኛ በቀር ሌላ የለም።

ፊደልን ለአባቶቻችን የገለጠ፣ መጻሕፍትን በብዙ ድካም ያስጠበቀልን፣ በጎ ጎረቤትንም የሰጠን አምላክ ልጆቻችንን አንባቢዎችና አመስጋኞች ያድርግልን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።